የጸጉር አስተካካዩ ሻይ

ጸጉር አስተካካዩ ሰውን ፊት ለፊት ማነጋገር አይሆንለትም ነበር። ይህ ለማያውቁት የሚታመን ነገር አይደለም። ዕድሜውን በሙያው የጨረሰ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አፉ የማያርፍ፣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ትኩሱን የሚያገኝ ሰው እንዴት ቃል ያጥረዋል? ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ እሱ የሚያወራው ከመስታወት ጋር ነው። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ እሱ ከኋላ ይቆማል፤ ሁለቱም ወደ መስታወቱ ያያሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው እንደ ቧንቧ ውሃ ይወርዳል። ያው ደንበኛ በማግሥቱ መንገድ ላይ ቢያገኘው ግን፣ «ደህና ነዎት?» ብሎ ዓይኑን ወደ ጫማው ይሰዳል።

ሚስቱ ይህን ጠባዩን አሳምራ ታውቅ ነበር። ለጋብቻ የጠየቃት በሱቁ መስታወት ውስጥ ነው፤ ትንሹን ወንድሟን ጸጉር ልታስቆርጥ ይዛ በመጣች ቀን፣ ከልጁ ማጅራት ላይ መቀሱን ሳያነሣ። ከተጋቡ በኋላም ከበድ ያለ ጉዳይ በመካከላቸው ሲገባ፣ ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀለው መስታወት ፊት ቆማ ጸጉሯን እያበጠረች፣ «እስቲ ና፣ ከኋላዬ ቁምና ንገረኝ» ትለው ነበር። ይነግራታል። ብዙ ትዳር ያፈረሰ ዝምታ ያን ቤት ሳይነካው ያለፈው በዚህ ዘዴ ነው።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በቤቱ ውስጥ የሚያነጋግረው አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም አማቱ ናቸው።

አማቱ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናቸው። ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት እምቢ ባለ ጊዜ ልጃቸው ወደ ቤቷ አምጥታ በግቢው በኩል መስኮት ያለውን ክፍል ሰጠቻቸው፤ እዚያው ከረሙ። ጡረታ ሰውን ከሥራው ያወጣዋል እንጂ ከጠባዩ አያወጣውምና፣ እሳቸው እስከ ዛሬ ላዩት ነገር ሁሉ ማርክ ይሰጣሉ። «የዛሬዋ ፀሐይ ከአሥር ስድስት ናት» ይላሉ መስኮት ሲከፍቱ። የጎረቤት ሰላምታ፣ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅ፣ የበር አዘጋግ፣ ሁሉም ይታረማል። ሲያርሙም አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው የሌለ እስክሪብቶ እንደያዙ ይገጥማሉ።

በዚያ ቤት ከእራት በኋላ የሚጠጣው ሻይ ከሱቅ የሚገዛ አልነበረም። ሚስትዮዋ ቅጠሉን ከገበያ ታመጣለች፤ ራሷ ታደርቃለች፤ ራሷ ትቀምማለች። ናና፣ ጦስኝ፣ ጠጅ ሣር፣ ከዚያም ሌላ ሌላ ነገር። መለኪያዋ እጇ ነው። ቅምሙን ክዳኑ ሰማያዊ በሆነ የማር ጠርሙስ ታኖረዋለች፤ ማታ ማታ በራዱ ሲጮህ ሦስቱም ጠረጴዛውን ይከባሉ። ባሏ ከመጀመሪያው ጉንጭ በኋላ ሁልጊዜ፣ «ግሩም ነው» ይላል። እናቷ ሁልጊዜ፣ «አሥር ከአሥር» ይላሉ። በዚያ ቤት ሙሉ ማርክ ያገኘ ሌላ ነገር አልነበረም።

እሷ በክረምቱ አጋማሽ ታመመች፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ቅምም ባልና እናት ሲቆጥቡት ቆዩ፤ ቁጠባም ቢሆን ማለቂያውን አያስቀረውም። የመጨረሻውን በራድ ጠጥተው ኩባያዎቹ ከታጠቡ በኋላ ከእራት ወዲያ የሚያስቀምጣቸው ነገር ጠፋ። እሳቸው ወደ ክፍላቸው፣ እሱ ወደ ክፍሉ። ቤቱ በጊዜ የሚዘጋ መሥሪያ ቤት መሰለ።

አንድ እሑድ ያ ማጅራቱን የተከረከመው ትንሽ ወንድም መጣ። አሁን የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ሆኗል፤ በር ሲያልፍ ትከሻውን ማጣመም የሚያስፈልገው፣ ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው።

«እማዬ፣ ይብቃሽ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ። ደረጃ የለውም። ልጆቹም ይናፍቁሻል። እህቴ በሌለችበት ቤት ከእንግዲህ ምን ትሠሪያለሽ? ሰው የሚታዘበው እኔን ነው። ወንድ ልጅ እያላት ሰው ቤት ተጥላ ይሉኛል።»

«መጣል ምንድን ነው? እኔ ካርቶን ነኝ?»

«እማዬ፣ እንዲያው ነገሩን ነው።»

«ለነገሩ ከአሥር አራት» አሉ እናቱ። ግን ፊታቸው አልፈታም፤ ዓይናቸው በር ላይ ወደ ቆመው አማቻቸው ሄደ።

ልጅየውም ዞረ። «አንተስ ጋሼ፣ ምን ትላለህ?»

ጸጉር አስተካካዩ የሚለው ነበረው። «እባክዎ ይቆዩ» ሊል ፈልጎ ነበር። ከእነዚያ ሁለት ቃላት በቀር ሊለው የፈለገው ምንም አልነበረም። ነገር ግን ሁለቱም ፊት ለፊት ያዩታል። ምላሱ ተሳሰረ፤ ዓይኑ ወደ ጫማው ወረደ።

«እማማ እንዳሉ…» አለ።

አማቱ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት። «እንግዲያው እመጣለሁ» አሉ ለልጃቸው። «ወሩ ሲያልቅ ውሰደኝ።»

በዚያ ሳምንት ጸጉር አስተካካዩ ራሱን ሲረግም ሰነበተ። ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስም፤ የሱ ችግር ግን ያልወጣው ቃል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ያን ባዶ ጠርሙስ ከፍቶ ቢያሸተው ሽታው አለ። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣለት። ያን ሻይ እንደ ጥንቱ ቢቀምመው፣ ማታ ማታ ጠረጴዛው ዙሪያ እንደ ገና ቢቀመጡ፣ እሳቸውም የሚወዱትን ሻይ ጥለው ባይሄዱ፣ እሱም ምንም መናገር ባያስፈልገው! ዓይን አፋር ሰው ከመናገር ይልቅ ተራራ መቆፈር ይቀለዋል።

ቅጠሉን ገዝቶ ወደ ሱቁ ወሰደው። አደራረቁን ያውቃል፤ ምን ይከብዳል? ናናውን በውሃ አጥቦ በንጹሕ ፎጣ ጠቀለለ፤ ከዚያ ሱቁ ጥግ ባለ አንድ የተሰበረ ወንበር ላይ ዘርግቶ የጸጉር ማድረቂያውን ሰካ። በዚያ ሰዓት ደንበኛው የሆነ አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ጢሙን ሊላጭ ገብቶ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

«ማን ናት ይቺ የምታሰማምራት?» አለ ሾፌሩ። «ሙሽራ ናት?»

«ናና ናት።»

«ራሷን ፈትሻት እንግዲህ። ፎሮፎር እንዳይኖርባት።»

ጸጉር አስተካካዩ አልሳቀም፤ ሥራ ላይ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ መቀሱን አነሣ። በዚህስ ማን ይወዳደረዋል? ናናውን፣ ጦስኙን፣ ጠጅ ሣሩን አንድ ልክ አድርጎ ከረከመው። ግንድና እንጨት የሚመስለውን ሁሉ እየለቀመ ወለሉ ላይ ጣለ፤ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ከደንበኞቹ ጸጉር ጋር ጠርጎ አወጣው። በጠርሙሱ ውስጥ የገባው ቅምም አንዱ ከሌላው የማይለይ፣ እንደ ወታደር ራስ የተስተካከለ ነበር።

ከእራት በኋላ በራዱን ጣደ። አማቱ ከክፍላቸው ወጥተው፣ ምንም ሳይጠይቁ በቦታቸው ተቀመጡ። ሻዩ ሲቀዳ ጥቁርና ድፍርስ ሆኖ ወረደ። አንድ ጉንጭ ወሰዱ፤ ዋጡ፤ ኩባያውን ወደ አፍንጫቸው መልሰው አሸተቱ።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «ይህን የት ነው የሠራኸው?»

«ሱቅ ነው፣ እማማ።»

«ገብቶኛል። ይህ ሻይ አሁን ጢሙን ተላጭቶ የወጣ ሰው ይሸታል።»

እሱም ቀመሰ። እውነት ነው፤ ከምሬቱ በስተኋላ፣ በየቀኑ በደንበኛ ጉንጭ ላይ የሚረጨው ሽቶ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ቅጠል የዋለበትን ቤት ጠረን እንደሚጠጣ ማን ነግሮት!

«ከአሥር ሁለት» አሉ አማቱ። «ሁለቱም ለጽዳቱ ነው።»

ሁለት ትንሽ ማርክ ናት። ሆኖም ጸጉር አስተካካዩ ኩባያዎቹን ሲያጥብ ልብ ያለው ሌላ ነገር ነበር፤ አማቱ ሻዩን ከተቹ በኋላ ወዲያው አልተነሡም። ስለ ሾፌሩና ስለ ፎሮፎሩ ሲነግራቸው፣ ጀርባውን ሰጥቶ ከመታጠቢያው ላይ እንዳቀረቀረ፣ ከኋላው ሲስቁ ሰምቷል።

በማግሥቱ ሚስቱ ደንበኛ ወደነበረችባት ቅጠል ሻጭ ሄደ። ሴትዮዋ ከታሰረ ናና ክምር በስተጀርባ ተቀምጣ፣ የሠራውን አንድ በአንድ አስለፈለፈችው።

«በመቀስ?» አለች።

«በመቀስ» አለ ዓይኑን ከናናው ላይ ሳያነሣ።

«ቅጠል የሰው ራስ መሰለህ እንዴ? ስትከረክመው እኮ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄት ሲሆን ምሬቱ ሁሉ ይወጣል። ግንዱንስ?»

«ጠርጌ ጣልኩት።»

ሴትዮዋ እጇን በራሷ ላይ ጫነች። «የጠጅ ሣር ሽታው ያለው ግንዱ ላይ ነው፣ የኔ ጌታ! ሚስትህ እንዲህ ስታደርግ አይተህ ታውቃለህ? ከነእንጨቱ ዘቅዝቀህ ስቀለው። ጥላ ላይ ይሁን፤ ፀሐይም እሳትም አታሳየው። እንደሰቀልከው ይድረቅ። የምትሰብረው በራዱ ሲፈላ ነው፤ በጣትህ፣ ፍርክስ አድርገህ።»

«ሌላስ ምን ትጨምርበት ነበር?»

«ቅርንፉድ ነዋ! የእሷን ያህል ቅርንፉድ የሚገዛኝ ሰው የለም። ‹እናቴ በጣም ትወደዋለች› ትለኝ ነበር፤ በእፍኝ ነው የምሰፍርላት። አሁን ግን አልቆብኛል። ሲመጣ አስቀምጥልሃለሁ።»

ስለዚህ ቅርንፉዱ እስኪመጣ ያለቅርንፉድ መጀመር ሆነ። በዚህ ጊዜ ሱቁን አልሞከረውም። ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ዘረጋ፤ ናናውን፣ ጦስኙን፣ ጠጅ ሣሩን በየእስሩ አድርጎ ከሱቅ ባመጣቸው የጸጉር መቆንጠጫዎች ዘቅዝቆ ሰቀለ። ረጅም ሰው ስላልሆነ፣ ሲባጎው የተዘረጋው በእሱ ቁመት ልክ ነው። አማቱ ከክፍላቸው ሲወጡ የናናው እስር ግንባራቸውን መታቸው።

«ደግ ነው!» አሉ ቅጠሉን ከመነጽራቸው ላይ እያራገፉ። «በገዛ ቤቴ በጫካ ማለፍ ጀመርኩ።»

ጸጉር አስተካካዩ በሰማው ቃል ክው አለ። በገዛ ቤቴ! «እንግዲያው አይሂዱ» ለማለት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። ግን ፊት ለፊት ናቸው። «ይቅርታ፣ ከፍ አደርገዋለሁ» አለና በርጩማ ፍለጋ ሄደ።

ከቀናት በኋላ በጣቱ ሰብሮ ያፈላው ሻይ አምስት አገኘ። ጠጅ ሣሩን ከግንዱ ጭምር ሲጨምርበት ስድስት ሆነ። አንድ ምሽት ናናውን ቀንሶ ጦስኙን አበዛ፤ የሻዩ መልክ እንደ ማለዳ ፀሐይ ፈክቶ ወረደ። አማቱ ግማሹን ከጠጡ በኋላ፣ «ሰባት» አሉ፤ ኩባያቸውንም ለድጋሚ አቀረቡ። በእነዚያ ማታዎች ስለ ጥንት ተማሪዎቻቸው ያወሩለት ነበር፤ እስክሪብቶ ስለሚበላው ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ድመት ይዞ ስለገባው። ጸጉር አስተካካዩም ዓይኑን ከኩባያው ሳያነሣ ያዳምጣል፤ አልፎ አልፎም ይመልሳል።

«ሰባት ደረስኩ» አለ ሱቅ ውስጥ፣ በመስታወቱ በኩል ለጡረተኛው ሾፌር።

«ለማለፍ ስንት ነው የሚያስፈልገው?»

«አሥር ነው መሰለኝ። የቀሩት ሦስቱ ቅርንፉድ ናቸው።»

ቅርንፉዱ የመጣው በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። በማግሥቱ እሑድ የነጋዴው መኪና ይመጣል። ጸጉር አስተካካዩ የዚያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጋ። አማቱ እራታቸውን ሳይጨርሱ በራዱን ጥዶ ቅጠሉን ሰበረ፤ ቅርንፉዱን ሚስቱ ታደርገው እንደነበረው በእፍኙ ጨመረ። እንፋሎቱ ተነሣ። ሽታው ከማእድ ቤት ወጥቶ ኮሪደሩን ሞላ፤ በሩ ተከፍቶ እሷ የገባች ይመስል ነበር። እሱ ራሱ ወደ በሩ ዞሮ በማየቱ በኋላ አፍሯል።

አማቱ ኩባያውን ከጠረጴዛው ካነሡ በኋላ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀመሱ። ደገሙ። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጥተው ኩባያውን አስቀመጡ።

«እሷ ናት» አሉ። «ራሷን አመጣሃት።»

እሱ ማርኩን ይጠብቃል። ማርክ አልመጣም። ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ሄዱ፤ ብዙም ሳይቆይ የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት፣ ቀጥሎም የሻንጣው ቁልፍ ቀጭ ሲል ተሰማ።

ጸጉር አስተካካዩ ሁለቱን ኩባያዎች ይዞ እንደቆመ ቀረ። የልፋቱ ፍሬ ይህ ነው? አሥሩን ሊያገኝ የነበረው ሰው ጓዝ እያስጠቀለለ ነው። ኩባያዎቹን አስቀምጦ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ የሚለውን ግን አላወቀም።

አማቱም ወጡ። ከመስታወቱ ሥር ባለችው መደርደሪያ ላይ የልጃቸው ማበጠሪያ ነበር፤ ሻንጣ ውስጥ ሊጨምሩት ነው የመጡት። ማበጠሪያውን ሲያነሡ ሻሻቸው ተንሸራተተና ሊያስተካክሉት ወደ መስታወቱ ዞሩ። እሱም ሳያስበው፣ የዕድሜ ልክ ልማዱ ገፋፍቶት ከኋላቸው ቆመ። ዓይን ለዓይን የተገጣጠሙት በመስታወቱ ውስጥ ነው።

«እማማ፣ እንዲሄዱ አልፈልግም» አለ።

ቃሉ እንዲህ በቀላሉ መውጣቱ እሱንም ገረመው። ከወጣም በኋላ ሌላው ተከተለ። «ያን ዕለት ‹እማማ እንዳሉ› ያልኩት ምላሴ ስለተሳሰረ ነው። ቤቱ የእርስዎ ነው። እርስዎ ከሄዱ እኔ ከሱቅ ወደ ሱቅ እንጂ ከሱቅ ወደ ቤት አልገባም። ማታ ቁጭ ብዬ የምሰማው ሰው የለኝም።»

አማቱ ሻሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ሰሞን ምን ዘጋህ?»

«ፊት ለፊት ነበሩ፣ እማማ።»

«አቤት! ልጄ ‹የሚያወራው ከመስታወት ጋር ነው› ስትል እውነቷን ነበር» አሉ አማቱ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ ደግሞ የመሰለኝ ሌላ ነው። አንተ የምትፈልገው እሷን ነው። ይህ ደግሞ አያስወቅስህም፤ እኔም እሷን ነው የምፈልገው። ዛሬ ያን ሻይ ስቀምስ ግን፣ እኔ እዚህ ቤት የቀረሁት እንደዚህ ማበጠሪያ ነው አልኩ። የእሷ ዕቃ ስለሆነ የማይጣል።»

«ሻዩንማ የቀመምኩት ለእርስዎ ነው! እርስዎ ስለሚወዱት!»

«ማን? እኔ?»

«ቅርንፉዱን በጣም ይወዱታል አሉ። ቅጠል ሻጯ ነግራኛለች። እርስዎም ማታ ማታ አሥር ከአሥር ይሉ የለም እንዴ?»

አማቱ ከመስታወቱ ወደ እሱ ዞሩ፤ ከዚያ ነገሩ እንዳይበላሽ አስበው መሰለኝ፣ ወደ መስታወቱ ተመለሱ። «ስማኝ ልጄ። ያን ሻይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራችው ገና ልጅ ሆና ነው። ጥርሴን አሞኝ ስመጣ ቅርንፉድ ለጥርስ ጥሩ ነው ሲባል ሰምታ፣ ያገኘችውን ሁሉ በራድ ውስጥ ገልብጣ አቀረበችልኝ። ቆማ አፍ አፌን ታያለች። ምን ልበላት? አሥር ከአሥር አልኳት። እኔ ደግሞ በማስተማር ዘመኔ ሁሉ አንዴ የሰጠሁትን ማርክ አንሥቼ አላውቅም። ይኸው እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ አፌን እያደነዘዝኩ ጠጣሁ።»



«እኔም…» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«አንተም ምን?»

«እኔም ማታ ማታ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ውዬ የመጣሁ ይመስለኝ ነበር።»

«ታዲያ ‹ግሩም ነው› ስትላት የኖርከው ምንድን ነው?»

«እማማ፣ እኔ እኮ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ለማንም ሰው ‹አምሮብዎታል› ነው የምለው።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። እሱም ተከተለ። ሳቁ አልቆም ብሎ ወደ ለቅሶ ተሻገረ፤ ለቅሶውም ተመልሶ ወደ ሳቅ መጣ፤ ከሞተች ወዲህ ሁለቱ አብረው ሲያለቅሱ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። እስከዚያ ቀን እያንዳንዱ ለብቻው፣ በየክፍሉ፣ በሩን ዘግቶ ነበር የሚያለቅሰው።

ዓይናቸውን ሲያብሱ አማቱ፣ «ያ ከቅርንፉዱ በፊት የነበረው ሻይ» አሉ፣ «ሰባት የሰጠሁት። ከእሱ ተርፎሃል?»

«ለአንድ በራድ የሚሆን አለ።»

«ና ጣደው። ሦስቱን የቀነስኩት አንድ የጎደለው ነገር ስላለ ነው እንጂ፣ መልካም ሻይ ነበር። ለመሆኑ አንተ ራስህ የምትወደው ቅጠል የትኛው ነው?»

ጸጉር አስተካካዩ ወደ ሲባጎው ቀና አለ። ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ከሲባጎው ላይ ያለውን ቅጠል በተራ እየቀነጠበ አሸተተ። ተማሪ ሰሌዳ ፊት እንደሚቆም ቆሞ ብዙ አሰበ።

«ጦስኝ» አለ በመጨረሻ።

«ጎሽ። የእኔ ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ ነው። የዕረፍት ደወል ሲደወል ልጆቹ ሁሉ ብርቱካን ሲልጡ ክፍሉ የሚሸተው ሽታ። የጎደለው እሱ ነበር። ብርቱካን አለን?»

ብርቱካን ነበራቸው። አማቱ በቢላ እያዞሩ ልጣጩን ሳይቆርጡ አወጡት፤ በመርፌና በክርም ሰኩት። ጸጉር አስተካካዩ ወደ በርጩማው ወጥቶ ከጠጅ ሣሩ ጎን ሰቀለው። ሥጋውንም ቁጭ ብለው ተካፍለው በሉት። ሻንጣው ግን የተከፈተ ሆኖ አልጋ ላይ አደረ፤ ማንም ስለ እሱ አላነሣም።

በማግሥቱ ጠዋት የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ከጥሩምባው ቀድሞ ግን የነጋዴው ድምፅ ደርሷል። በሩን ከፍቶ ሲገባ ጠጅ ሣሩ ፊቱን ገረፈው።

«ዝቅ በል፣ ቅጠሉን ታራግፋለህ» አሉ እናቱ። ከመስታወቱ አጠገብ ወንበር አድርገው፣ የቤት ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል።

ያ ግዙፍ ሰው ጎንበስ ብሎ አለፈ። «እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው? ለምን አልለበስሽም? ሻንጣሽስ?»

«ልጣጩ አልደረቀም።»

«የምን ልጣጭ?»

«የብርቱካን። ማታ ነው የሰቀልነው።»

«እሺ፣ ሲደርቅ ጋሼ ይልክልሻል።»

«ሲደርቅ ይቀመማል። ሲቀመም ይጠጣል። ሲጠጣ ያልቃል። ሲያልቅ ሌላ ይሰቀላል። ይህን ለመረዳት ስንተኛ ክፍል መድረስ አለብህ?»

ነጋዴው እናቱን አየ፤ ሲባጎውን አየ፤ በመጨረሻም እንደ ባለፈው ጊዜ ወደ ጸጉር አስተካካዩ ዞረ። «ጋሼ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

መስታወቱ እዚያው ግድግዳ ላይ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቢል በእሱ በኩል ሊመልስ ይችላል፤ አማቱም ይህን አውቀው ወንበራቸውን ሸርተት አድርገው መንገድ ለቀቁለት። ዓይኑ ወደ ጫማው ወርዶ ነበር። ግን ተመለሰ። ቀስ ብሎ፣ ከነጋዴው ጫማ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ ፊቱ ወጣ።

«እማማ የትም አይሄዱም» አለ። «ቤታቸው ነው። አንተም በፈለግህ ጊዜ ከነልጆችህ ና።»

ነጋዴው ትኩር ብሎ አየው። ያን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ዓይኑን ያየው ግን ዛሬ ነው። «እንዲህ ከሆነማ…» አለና ወንበር ሳበ። «እኔ እኮ የፈራሁት እንዳትከብድህ ነው። ሰው የሚለውንማ ተወው፤ ሰው ምን የማይለው አለ።»

ሻይ ቀረበለት፤ ትናንት ማታ ከጠጡት የተረፈው ነው። እናቱ ኩባያውን ጨርሶ እስኪያስቀምጥ ጠበቁ።

«ከአሥር ስንት?»

«አሥር!» አለ ነጋዴው ሳያመነታ።

«አታሞግሰኝ። ከልብህ ንገረኝ።»

ወደ እህቱ ባል ገልመጥ አለ። «ስኳር ቢኖረው ኖሮ… እሺ፣ ስድስት።»

«ይኸው! በዚህ ቤት እውነተኛ ማርክ ተሰማ» አሉ እናቱ፤ ከልባቸውም ደስ አላቸው።

ልጣጩ ከደረቀ በኋላ ሻዩ ስምንት ደረሰ። ከዚያ አላለፈም፤ አማቱም እንዲያልፍ የሚፈልጉ አይመስሉም፤ የሚታረም ነገር የሌለበት ቤት ለአስተማሪ አይመችም። ሲባጎው እስከ ዛሬ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ አንዱ እስር ሲወርድ ሌላው ይወጣል፤ ጡረተኛው ሾፌርም፣ «የሙሽሮቹ ጸጉር አደገ?» እያለ ይጠይቃል።

ቅርንፉዱ ግን አልተጣለም። ክዳኑ ሰማያዊ በሆነው ጠርሙስ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ከፍ ካለው ቦታ ላይ ተቀምጧል። አንዳንድ ማታ አማቱ ወይም እሱ ራሱ ተነሥተው ያወርዱታል። የዚያን ማታ ሻዩ በእፍኝ ቅርንፉድ ይፈላል፤ ሁለቱም አፋቸው እየደነዘዘ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይጠጡታል። እሱ፣ «ግሩም ነው» ይላል። እሳቸውም አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ገጥመው፣ የሌለውን እስክሪብቶ ያነሣሉ።

«አሥር ከአሥር» ይላሉ፤ የሰጡትን ማርክ አንሥተው አያውቁምና።